ሊቭ ጎልፍና የነባሮቹ ቱሮች ፍጥጫ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱና ወራቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተለየ ካልተባለ በቀር ገንዘቡ በአሜሪካ ዶላር ነው። መረጃው እስከ 2026 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ያለውን ይሸፍናል።

ሊቭ ጎልፍ ምንድን ነው? ተገንጣይ የሚባለውስ ለምንድን ነው?

በሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ (ፒአይኤፍ) ገንዘብ የቆመና የመጀመሪያ ውድድሩን በጁን 2022 ያካሄደ የወንዶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ሊግ ነው። ፈንዱን የእግር ኳስ ተመልካች ያውቀዋል፤ በኦክቶበር 2021 ኒውካስል ዩናይትድን የገዛው ስብስብ መሪ ነበር። የፈንዱ ገዢ ያሲር አል ሩማያን የክለቡም ሊቀመንበር ናቸው። ሊጉን መጀመሪያ የመራው በዘመኑ የዓለም ቁጥር አንድ የነበረው አውስትራሊያዊው ግሬግ ኖርማን ሲሆን በጃንዋሪ 2025 በስኮት ኦኒል ተተክቷል።

ተገንጣይ ያሰኘው ተጫዋቾቹን ያመጣበት መንገድ ነው። ከታች አላሳደጋቸውም፤ ከነባሮቹ ቱሮች (ዓመቱን ሙሉ ተከታታይ ውድድር ከሚያካሂዱ ድርጅቶች)፣ ማለትም ከአሜሪካው ፒጂኤ ቱርና ቀድሞ የአውሮፓ ቱር ይባል ከነበረው ዲፒ ወርልድ ቱር በውል ወሰዳቸው። ፊል ሚክልሰን፣ ደስቲን ጆንሰን፣ ብሩክስ ኬፕካ፣ ብራይሰን ደሻምቦ እና ካሜሮን ስሚዝ በመጀመሪያው ዓመት ሄዱ። ጆን ራም በዲሴምበር 2023 ተከተላቸው።

ጨዋታው ይለያል ወይስ ልዩነቱ ገንዘብ ብቻ ነው?

ኳሱ፣ ዱላውና ሕጉ ያው ነው። የተለወጠው የውድድሩ አደረጃጀት ነው።

በፒጂኤ ቱር ለዓመታት በነበረው አሠራር እስከ 156 ተጫዋች ሐሙስ ይጀምራል። ሁለት ቀን፣ ማለትም 36 ጉድጓድ ከተጫወቱ በኋላ ወደ ቅዳሜና እሁድ የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ 65 እና ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑት ብቻ ናቸው። ያላለፈው ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ሽልማት አያገኝም፣ የአውሮፕላን፣ የሆቴልና የካዲ (ዱላ ተሸካሚ) ወጪው ግን የራሱ ነው።

ሊቭ ሲጀመር 48 ተጫዋቾች፣ ሦስት ቀን፣ 54 ጉድጓድ ብሎ ተነሣ። ማጣሪያ የለውም፣ የመጨረሻውም ይከፈለዋል። ተጫዋቾቹ አራት አራት ሆነው በ12 ቡድኖች ተደለደሉ። በ2024 የራም ቡድን ሊጅን ሰርቲን ሲጨመርና ቡድን የሌላቸው ሁለት ተጫዋቾች ሲገቡ ቁጥሩ 54 ደረሰ።

ማጣሪያ አለመኖሩ ለተጫዋቹ ምቾት ነው፣ ለተመልካቹ ግን ያጎድላል። በፒጂኤ ቱር ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ምት ብቻ የሚቀረው ሰው የሁለት ሜትር ኳስ ላይ ቆሞ ሲያልበው ማየት ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። ሊቭ ለዚህ የሚሆን ምትክ አላገኘም።

ስሙ ምን ማለት ነው?

ሦስቱ የላቲን ፊደላት፣ ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ በሮማውያን አሃዝ 54 ማለት ናቸው። አንደኛው ምክንያት ውድድሩ እስከ 2025 ድረስ 54 ጉድጓድ መሆኑ ነበር። ሁለተኛው፣ ፓሩ (የተመደበው የምት ብዛት) 72 በሆነ ሜዳ ላይ በ18ቱም ጉድጓድ በርዲ (ከፓር በአንድ ምት ያነሰ) የሠራ ሰው ውጤቱ 54 ይሆናል። እንዲህ ያለ ዙር በትልቅ ውድድር ማንም ተጫውቶ አያውቅም።

«ሾትገን» አጀማመር እንዴት ነው የሚሠራው?

በተለመደው አሠራር ሦስት ሦስት ሆነው በየ10 ደቂቃው ገደማ ከ1ኛው (አንዳንዴ ከ10ኛውም) ጉድጓድ ይነሣሉ። የመጀመሪያው ጠዋት ሲጀምር የመጨረሻው ከሰዓት ነው፤ አንደኛው ጸጥ ባለ አየር ሌላው በነፋስ ሊጫወት ይችላል።

በሾትገን ግን ተጫዋቹ ሁሉ አስቀድሞ በየጉድጓዱ መነሻ ላይ ይቆማል፣ ምልክት ሲሰጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመታል። ተጫዋቾቹ 54 ከሆኑ በሦስት ሲካፈሉ 18 ምድብ ይወጣል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ ምድብ አለ። ከ7ኛው የጀመረ 7፣ 8፣ 9 እያለ 18ን አልፎ ወደ 1 ይዞርና በ6ኛው ይጨርሳል። በመጨረሻው ቀን መሪዎቹ ከ1ኛው እንዲነሡ ስለሚደረግ የሚጨርሱት በ18ኛው ነው። ቀኑ በሙሉ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የአየር ሁኔታው ለሁሉም እኩል ነው፣ ቴሌቪዥኑም ባዶ ሰዓት የለውም። ችግሩ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። መሪው በአስቸጋሪው 18ኛ ላይ ሲጨነቅ፣ በአንድ ምት የሚከተለው ሰው ሌላ ቦታ ቀላል ፓር 5 ላይ ሊጨርስ ይችላል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ፈተና አልተፈተኑም። ካሜራውም ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ስለሚዘል፣ ለዓይኑ አዲስ የሆነ ተመልካች ማን የት እንዳለ ይጠፋበታል። ሜዳ ሄዳችሁ የምታዩ ከሆነ ከምልክቱ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ የምትፈልጉት ተጫዋች የሚጀምርበትን ጉድጓድ በካርታው ላይ ፈልጉ። ከተጀመረ በኋላ ልድረስበት ያለ ሰው ቀኑን ሲሯሯጥ ይውላል።

ገንዘቡ እንዴት ነው የሚከፋፈለው?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መደበኛው ውድድር 25 ሚሊዮን ነበረው። ከዚህ 20 ሚሊዮኑ ለግል ውጤት ሲሆን አንደኛ 4 ሚሊዮን፣ ሁለተኛ 2 ሚሊዮን 125 ሺህ፣ 48ኛ 120 ሺህ ያገኛል። ቀሪው 5 ሚሊዮን ለሦስት ቡድኖች ብቻ ነው፤ 3 ሚሊዮን፣ 1.5 ሚሊዮን እና 500 ሺህ። ይህ ለአራቱ አባላት እኩል ይካፈላል።

በተግባር እንየው። የመጀመሪያው ውድድር ከጁን 9 እስከ 11፣ 2022 ለንደን አጠገብ በሴንቱሪየን ክለብ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካዊው ቻርል ሽዋርትዘል በግል አሸነፈ፣ ቡድኑ ስቲንገርም አንደኛ ወጣ። 4 ሚሊዮን ላይ የ3 ሚሊዮን አንድ አራተኛ፣ ማለትም 750 ሺህ ሲደመር 4 ሚሊዮን 750 ሺህ ይሆናል። ይኸው ሰው በ2011 የማስተርስ («ሜጀር» ከሚባሉት አራት ታላላቅ ውድድሮች አንዱ) ሻምፒዮን ሲሆን የተከፈለው 1 ሚሊዮን 440 ሺህ ነበር። በሳምንቱ የአሜሪካ ኦፕንን ያሸነፈው ማት ፊትዝፓትሪክ ደግሞ 3 ሚሊዮን 150 ሺህ አገኘ።

በዚያው ሴንቱሪየን በሦስት ቀን ከፓር 24 ምት በላይ ተጫውቶ መጨረሻ የወጣው አንዲ ኦግልትሪ 120 ሺህ ይዞ ሄደ። ወዲያው ወደ ሊጉ አልተመለሰም። በእስያ ቱር ኢንተርናሽናል ሲሪስ ላይ ተጫውቶ የ2023ን አጠቃላይ ውጤት አሸነፈና በ2024 በራሱ ጉልበት ተመልሶ ገባ። «ሊቭ በር የለውም» ለሚሉ ሰዎች ጥሩ መልስ ነው፤ በሩ ጠባብ መሆኑ ግን አይካድም።

በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የግል ጉርሻ ነበር፤ ለአንደኛ 18 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛ 8፣ ለሦስተኛ 4። በ2022 ጆንሰን፣ በ2023 ቴለር ጉች፣ በ2024 ራም አንደኛ ወጡ። በ2025ም ያሸነፈው ራም ነው፣ ያውም አንድም ውድድር ሳያሸንፍ! ሆዋኪን ኒማን በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ አሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ነጥቡ ለአሸናፊ 40፣ ለሁለተኛ 30 ስለሆነ ሁልጊዜ ከላይ የሚጨርስ ሰው፣ አንድ ሳምንት አሸንፎ በሚቀጥለው ከሚጠፋ ሰው በላይ ያጠራቅማል።

የቡድን ውጤት እንዴት ይሰላል?

የአራቱ ውጤት ይደመራል፣ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ሁልጊዜ አይቆጠርም ነበር። መጀመሪያ ላይ በሁለቱ ቀናት የሁለቱ ምርጦች፣ በመጨረሻው ቀን የሦስቱ ይያዝ ነበር። በኋላ በመጨረሻው ቀን አራቱም እንዲቆጠሩ ተደረገ። ይህ ጥሩ ለውጥ ነው፤ ከግል ፉክክር የወጣ ተጫዋች እንኳ የመጨረሻዎቹን ጉድጓዶች እንዲሁ አይጥላቸውም። ካፒቴኖቹ የቡድኖቻቸው ባለድርሻ ናቸው። ቡድኖቹ እንደ እግር ኳስ ክለብ ዋጋ ኖሯቸው ይሸጣሉ የሚል ነበር የመነሻ ስሌቱ። ችግሩ ደጋፊ በአንድ ጀንበር አይፈጠርም። «የክራሸርስ (የደሻምቦ ቡድን) ደጋፊ ነኝ» ከሚል ሰው «የደሻምቦ ደጋፊ ነኝ» የሚል ይበዛል፤ ደሻምቦ ነገ ቢለቅ ደጋፊው አብሮት ይሄዳል።

ለመፈረም ብቻ ስንት ተከፈላቸው?

ሊጉ የውል መጠን አይገልጽም፤ በመገናኛ ብዙኃን የወጡት ግምቶች ናቸው። ለሚክልሰን 200 ሚሊዮን ገደማ፣ ለራም ከ300 ሚሊዮን በላይ ተብሏል። ስለ ታይገር ዉድስ የተናገረው ራሱ ኖርማን ነው፤ በኦገስት 2022 ለቴሌቪዥን ሲናገር የቀረበለት ከ700 እስከ 800 ሚሊዮን አካባቢ እንደነበር ገለጸ። ዉድስ አልተቀበለም። ሰሜን አየርላንዳዊው ኮከብ ሮሪ ማክልሮይም ሊጉን በግልጽ ተቃወመ።

ፒጂኤ ቱር በምን ሕግ አገዳቸው?

ተጫዋቾቹ የቱሩ ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው የሚሠሩ ናቸው፤ አባል ሲሆኑ ግን ሁለት ነገር ይፈርማሉ። አንደኛ፣ ቱሩ ውድድር ባለው ሳምንት ሌላ ቦታ ለመጫወት ፈቃድ ይጠይቃሉ። 15 ውድድር ለተጫወተ ሰው ሦስት ፈቃድ የተለመደ ሲሆን ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለሚደረግ ውድድር ግን አይሰጥም። ሁለተኛ፣ የምስል መብታቸውን ለቱሩ ይሰጣሉ። ለሳዑዲው የአንድ ሳምንት ውድድር ቀደም ሲል ፈቃድ ተሰጥቶ ያውቃል። ለሴንቱሪየን ተጠይቆ ተከለከለ፤ ልዩነቱ ያኛው የአንድ ሳምንት እንግድነት ሲሆን ይህኛው ሊግ መሆኑ ነው።

ጁን 9 ቀን 2022 የመጀመሪያው ኳስ እንደተመታ ወዲያው ኮሚሽነር ጄይ ሞናሃን 17 ተጫዋቾችን አገዱ። ዲፒ ወርልድ ቱር የመረጠው የ100 ሺህ ፓውንድ ቅጣትና እገዳ ነበር። ተጫዋቾቹ ይግባኝ አሉ፣ በአፕሪል 2023 የግልግል ዳኞች ለቱሩ ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ሊ ዌስትዉድ፣ ኢያን ፖልተር እና ሰርጂዮ ጋርሲያ አባልነታቸውን ለቀቁ። በዚህም የራይደር ካፕ (የአውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖች ግጥሚያ) በር ተዘጋባቸው። የአውሮፓ ካፒቴን ተብሎ የተሾመው ሄንሪክ ስቴንሰን ደግሞ በጁላይ 2022 ሹመቱን ተነጠቀ፤ በዚያው ወር መጨረሻ ኒው ጀርሲ ቤድሚንስተር ላይ የመጀመሪያ የሊቭ ውድድሩን ተጫውቶ አሸነፈና 4 ሚሊዮን 375 ሺህ ወሰደ።

ክሱስ የት ደረሰ?

በኦገስት 2022 ሚክልሰንና ደሻምቦን ጨምሮ 11 ተጫዋቾች ፒጂኤ ቱር ገበያውን በብቸኝነት ይዟል ብለው ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከመካከላቸው ሦስቱ በዚያው ወር በሚጀምረው የፌዴክስ ካፕ (የፒጂኤ ቱር የዓመቱ ሻምፒዮና) ማጠቃለያ እንዲጫወቱ አስቸኳይ ትእዛዝ ጠየቁ። ዳኛዋ ቤት ላብሰን ፍሪማን አልተቀበሉም። ምክንያታቸው ማስተዋል ይጠይቃል፦ ተጫዋቾቹ ሲፈርሙ የሚያጡትን አውቀው፣ ሊቭ የሚከፍላቸውም ያንን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ስለዚህ የማይካስ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ትልቁ የውል ገንዘብ ራሱ ተመልሶ ማስረጃ ሆነባቸው። ዋናው ክርክር ሳይታይ ክሱ በጁን 2023 ተቋረጠ፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

የዓለም ደረጃ ነጥብ ለምን ይህን ያህል አጨቃጨቀ?

በእኛ ግምት የጠቡ ቁልፍ ይኸው ነው። ገንዘብ ተጫዋች ያመጣል፤ ማስተርስ ላይ የሚያስገባው ግን በአብዛኛው ደረጃ ነው፣ ደረጃ ደግሞ አይሸጥም።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ የተገኘ ነጥብ ይያዛል። ለ13 ሳምንት ሙሉ ዋጋ ይኖረዋል፣ ከዚያ በ91 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ድምሩ በተጫወተባቸው ውድድሮች ቁጥር ይካፈላል፣ ነገር ግን አካፋዩ ከ40 ማነስ አይችልም። ሰውን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። የሊቭ ተጫዋች ነጥብ የሚያገኘው በዓመት በአራቱ ሜጀር ብቻ ነው እንበል፣ በሁለት ዓመት 8 ይሆናል። በነዚህ 80 ነጥብ ቢሰበስብ አማካዩ 80 ለ8፣ ማለትም 10 አይደለም፤ 80 ለ40፣ ማለትም 2 ነው። ጥሩ ቢጫወትም በየሳምንቱ ይወርዳል።

ሊቭ በጁላይ 2022 ነጥብ እንዲሰጠው አመለከተ። በኦክቶበር 2023 የደረጃ ሰጪው ቦርድ ውድቅ አደረገው፤ የተፎካካሪ ቱሮች ተወካዮች ከውሳኔው ራሳቸውን አግልለው ነበር። 54 ጉድጓድ መሆኑና ማጣሪያ አለመኖሩ በሒሳብ ሊስተካከል ይችላል ተባለ። ያልተፈታው ሊጉ ዝግ መሆኑ ነበር፤ በዓመት የሚወጣውና የሚገባው ሰው ጥቂት ነው፣ አንዳንዱ ተጫዋችም በውጤት ሳይሆን በውል ምክንያት ቦታው ዋስትና አለው። የቡድን ውድድሩ የግሉን ሊያዛባ ይችላል የሚል ስጋትም ተነሥቷል፤ አንድ ተጫዋች መጨረሻ ላይ ለራሱ ይምታ ወይስ ለቡድኑ? በማርች 2024 ሊቭ ማመልከቻውን አነሣ።

ታዲያ በሜጀሮች ላይ እንዴት ይጫወታሉ?

አራቱን ሜጀሮች የሚመሩት ፒጂኤ ቱር ሳይሆን አራት የተለያዩ አካላት ናቸው፤ ማስተርስን ኦገስታ ናሽናል ክለብ፣ ፒጂኤ ቻምፒየንሺፕን የአሜሪካ ፒጂኤ (ከፒጂኤ ቱር የተለየ ማኅበር)፣ የአሜሪካ ኦፕንን ዩኤስጂኤ (የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር)፣ ኦፕን ቻምፒየንሺፕን አር ኤንድ ኤ። አንዳቸውም አላገዱም። ስለዚህ ያለፈ ድል ያለው ይገባል፤ የማስተርስ አሸናፊ ዕድሜ ልኩን፣ የአሜሪካ ኦፕን አሸናፊ በዚያው ውድድር ለ10 ዓመት፣ በሌሎቹ ሦስት ለአምስት ዓመት። ድል የሌለው በቅድመ ማጣሪያ ውድድር ወይም በልዩ ግብዣ ይሞክራል፤ ኒማን ማስተርስን በ2024ና 2025 የተጫወተው በግብዣ ነው።

ከ2025 ጀምሮ ሁለት በሮች በከፊል ተከፈቱ። ዩኤስጂኤ በሊቭ የነጥብ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ላለ፣ በሌላ መንገድ ላልገባ አንድ ተጫዋች ቦታ ሰጠ። አር ኤንድ ኤ ተመሳሳይ ቦታ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ሰጠ።

በሜዳ ላይ የታየው ደግሞ ሌላ ነው። ኬፕካ በሜይ 2023 ኦክ ሂል ላይ ፒጂኤ ቻምፒየንሺፕን፣ ደሻምቦ በጁን 2024 ፓይንኸርስት ላይ የአሜሪካ ኦፕንን አሸነፉ። «ሦስት ቀን እየተጫወቱ ብቃታቸው ይወርዳል» የሚለው ትንበያ ለሁሉም አልሠራም።

በጁን 2023 «ተዋሃዱ» ተብሎ አልነበረም?

ተብሎ ነበር፣ ዜናው ግን ከሰነዱ ይበልጥ ነበር። ጁን 6 ቀን ፒጂኤ ቱር፣ ዲፒ ወርልድ ቱር እና ፒአይኤፍ የማዕቀፍ ስምምነት መፈራረማቸውን አሳወቁ። ተጫዋቾቹ ከሰዉ ጋር እኩል ከዜና ነው የሰሙት፤ ለዓመት ሙሉ የቱሩ ጠበቃ ሆኖ የቆየው ማክልሮይ ጭምር። ሰነዱ ጥቂት ገጽ ሲሆን በግልጽ የሚያስገድደው ክሶቹን ማቋረጥ ነበር። የተቀረው እስከ ዲሴምበር 31 እንደራደር የሚል ነው። ቀኑ አለፈ፣ ስምምነት አልመጣም።

በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ቱሩ ገንዘብ ከሌላ በኩል አገኘ። ስትራቴጂክ ስፖርትስ ግሩፕ የተባለ የባለሀብቶች ስብስብ እስከ 3 ቢሊዮን ለማፍሰስ ተስማማ፣ 1.5 ቢሊዮኑ በመጀመሪያው ዙር። መሪው የሊቨርፑል ባለቤት ፌንዌይ ነው። (የኒውካስልና የሊቨርፑል ባለቤቶች በጎልፍ ሜዳም ተፋጠጡ ማለት ነው።) ከዚያ ወዲህ ቱሩ የሳዑዲን ገንዘብ የግድ የሚፈልግበት ምክንያት ቀነሰ። በፌብሩዋሪ 2025 ሁለቱ ወገኖች ዋይት ሐውስ ውስጥ በፕሬዚዳንት ትራምፕ ፊት ተገናኙ፣ ውጤት አልወጣም።

ስለ ሰብዓዊ መብት የሚነሣው ወቀሳ ምንድን ነው?

ወቀሳው ሳዑዲ ስፖርትን ስሟን ለማጠብ ትጠቀምበታለች የሚል ነው። በኦክቶበር 2018 ኢስታንቡል ቆንስላ ውስጥ የተገደለው ጋዜጠኛ ጀማል ኻሾግጂ ይጠቀሳል፤ የአሜሪካ የስለላ ተቋማት በ2021 በወጣ ግምገማ ልዑል አልጋ ወራሽ መሐመድ ቢን ሰልማን ዘመቻውን እንዳጸደቁ ገልጸዋል፣ እሳቸው ግን ትእዛዝ አልሰጠሁም ይላሉ። ከሴፕቴምበር 11 ጠላፊዎች 15ቱ ሳዑዲዎች በመሆናቸው የሟች ቤተሰቦችም በ2022 ቤድሚንስተር አጠገብ ተቃውሞ አሰምተዋል። ልዑሉ በሴፕቴምበር 2023 ስለዚህ ተጠይቀው፣ የአገሪቱን ምርት በአንድ በመቶ የሚያሳድግ ከሆነ እንደሚቀጥሉበት መልሰዋል።

የሌላው ወገን መከራከሪያም ከንቱ አይደለም። የአውሮፓ ቱር ራሱ ከ2019 እስከ 2021 በሳዑዲ ውድድር አካሂዷል። ሞናሃንም ዓመት ሙሉ ይህንን ወቀሳ ሲያነሡ ቆይተው በጁን 2023 ከዚያው ፈንድ ጋር ሲፈራረሙ ግብዝ እንደሚባሉ እንደሚያውቁ ራሳቸው ተናግረዋል።

ንግዱ አዋጥቷል?

በሒሳብ መዝገቡ አይመስልም። ከአሜሪካ ውጪ ያለውን ሥራ የሚይዘው የብሪታንያ ኩባንያው በ2023 ብቻ 394 ሚሊዮን ገደማ ኪሳራ አስመዝግቧል። ቴሌቪዥኑም ተንከራቷል፤ በ2022 በዩቲዩብ፣ ቀጥሎ በሲደብሊው፣ ከ2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በፎክስ።

አውስትራሊያ አደሌድ ግን ሌላ ዓለም ናት። ትልቅ ውድድር ለዓመታት የራቀው ሕዝብ በ2023 ግሬንጅ ክለብን አጥለቀለቀው። 12ኛው አጭር ጉድጓድ ዙሪያውን መድረክ ተሠርቶለት ሙዚቃ ይለቀቅበታል። በዚያ ዓመት የብሩክስ ወንድም ቼዝ ኬፕካ በአንድ ምት ኳሷን ሲከታት ከመድረኩ የቢራ ኩባያ እንደ ዝናብ ወረደ። ከዚህ የምንረዳው ሊቭ የሚሳካው ነባሩ ቱር የረሳቸው ከተሞች ላይ መሆኑን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ጎልፍ የጠገበ ተመልካች አዲስ ሱቅ አይፈልግም።

ያለ ክርክር የጠቀመው ተጫዋቾችን ነው፣ ያልሄዱትንም ጭምር። ፒጂኤ ቱር ምላሽ ሲሰጥ 20 ሚሊዮን የሚሸለምባቸው፣ ጥቂት ተጫዋቾች ብቻ የሚገቡባቸውና አብዛኞቹ ማጣሪያ የሌላቸው «ሲግኔቸር» ውድድሮችን ፈጠረ። የነቀፈውን ራሱ ሠራ ማለት ነው።

የሄደ ሰው መመለስ ይችላል?

መደበኛው አካሄድ ያልተፈቀደ ውድድር ከተጫወተበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። በጃንዋሪ 2026 ለየት ያለ አጭር መስኮት ተከፈተ፤ ከ2022 እስከ 2025 ሜጀር ወይም ፕሌየርስ ቻምፒየንሺፕ (የፒጂኤ ቱር የራሱ ዋና ውድድር) ላሸነፉ ብቻ፣ ማለትም ለኬፕካ፣ ለደሻምቦ፣ ለራም እና ለስሚዝ። የተቀበለው ኬፕካ ብቻ ነው። ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ 5 ሚሊዮን ለበጎ አድራጎት፣ ለአምስት ዓመት የቱሩ ተጫዋቾች የሚያገኙት የአክሲዮን ድርሻ የለም፣ የ2026 የፌዴክስ ካፕ ጉርሻም የለም።

አዲስ ተጫዋች በምን መንገድ ይገባል?

ሦስት መንገድ አለ። በውል መጠራት፣ በእስያ ቱር ኢንተርናሽናል ሲሪስ ከላይ መጨረስ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረገው የማለፊያ ውድድር ከላይ መጨረስ። በ2025 አሠራር በሰንጠረዡ እስከ 24ኛ ያሉት ቦታቸው ይጠበቃል፣ ከ25ኛ እስከ 48ኛ ያሉት ይቆያሉ ግን ወደ ሌላ ቡድን ሊዛወሩ ይችላሉ፣ ከ49ኛ ጀምሮ ያሉት ይወርዳሉ።

ሐበሻ በሚበዛበት አካባቢ ተደርጎ ያውቃል?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሁለት ጊዜ በደጃችሁ አልፏል፤ በሜይ 2023 ስተርሊንግ፣ በጁን 2025 ጌንስቪል፣ ሁለቱም ቨርጂኒያ። ጅዳ አጠገብ በሮያል ግሪንስ ከ2022 እስከ 2024 ተካሂዷል። በፌብሩዋሪ 2025 ሪያድ ላይ በሌሊት መብራት ተጫውተው ፖላንዳዊው አድሪያን ሜሮንክ አሸንፏል። የትኛውም ቦታ ስትሄዱ ጫማችሁ ምቹ ይሁን፤ ሜዳው በእግር ብዙ ያስኬዳል።

አሁን 72 ጉድጓድ ከሆነ ስሙ ለምን አልተቀየረም?

በኖቬምበር 2025 ሊጉ ከ2026 ጀምሮ እንደ ሌሎቹ አራት ቀን፣ 72 ጉድጓድ እንደሚጫወት አሳወቀ። ስሙ 54 ማለት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ምልክት ብቻ ሆነ። ምክንያቱ የደረጃ ነጥቡ ነው፣ በከፊልም ተሳክቷል፤ በፌብሩዋሪ 2026 ደረጃ ሰጪው ቦርድ በየውድድሩ ለመጀመሪያዎቹ 10 እና ከ10ኛው ጋር እኩል ለሆኑት ነጥብ ለመስጠት ወሰነ። 11ኛ የወጣ ዜሮ ነው፣ ውድድሩ ግን በአካፋዩ ላይ ይቆጠርበታል።